አባባ ያላያቸው ወፎች

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርህ ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህስ፣ ያ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ያጣድፋታል? ትልቁ ልጅህ ጥርሱን በሽቦ አሳስሯል ብለኸን ነበር፤ ለመደው? ትንሿስ ትምህርት ቤት በር ላይ ማልቀሷን ተወች? እኛ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብንም። እማማ ጉልበቷን ታማርራለች እንጂ አፏም እጇም እንደ ድሮው ነው፤ የስፌት መኪናዋ ከማለዳ እስከ ምሳ ሲንኳኳ ይውላል። እኔም ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ በውሃው ላይ ያለውን የእንጨት መተላለፊያ ጣውላ ሲለውጥ ከርሞ አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ ጥፍሩ ወለቀ እንጂ ሌላ የሚነገርለት ጀብዱ የለውም። የአባባን ደህንነት ግን እንዲህ በአንድ መስመር ልነግርህ አልችልም፤ የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ እሱ ነውና።

ደብዳቤህ ባለፈው ወር አጋማሽ ላይ ደርሶናል። «ድብቁ ወፍ ተመለሰ» የሚለውን የአባባን ደብዳቤ ለልጆችህ ገበታ ላይ ጮክ ብለህ ስታነብላቸው መሃል ላይ ድምፅህ ተቆርጦ ባለቤትህ እንደጨረሰችልህ፣ በማግስቱም አለቃህን ፈቃድ ጠይቀህ ወፎቹ በሚገቡበት ወር ቤተሰብህን ይዘህ ልትመጣ እንደቆረጥክ ጽፈሃል። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ልትመጣ ነው። ይህን የመሰለ የምሥራች ሰምቶ አንገቱን የደፋ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ወንድም ጋሼ፣ ድብቁ አልተመለሰም። ደብዳቤውንም አባባ አላጻፈኝም፤ ከራሴ ነው ያመጣሁት። እሱን ብቻም አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ከአባባ የመጣ እየመሰለህ ያነበብከው ሁሉ የኔ ነው። አሁን ብድግ እንዳትል፤ ተቀመጥና እስከ መጨረሻው አንብበኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አባባ አስጎብኚ የሆነው አስቦበት እንዳልሆነ ከኔ ይበልጥ አንተ ታውቃለህ፤ እኔ ያኔ ገና ጡት መጣሌ ነው። የግድቡ ዘበኛ ሳለ አንድ ቀን የሩቅ ማያ መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ባልና ሚስት መንገድ ጠፍቷቸው በሩ ላይ ይቆማሉ። ጭራው ቀይ፣ ድምፁ ዘይት እንዳጣ የጋሪ ጎማ ሲጥ ሲጥ የሚል ወፍ እንደሚፈልጉ ሲነግሩት፣ «ነገረኛውን ነው የምትፈልጉት? አሁን ከፓምፕ ቤቱ ኋላ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ትቼው መጣሁ» አላቸው። ይዟቸው ሄደ፤ ነገረኛውም እንደተባለው ሲጨቃጨቅ ተገኘ። በዓመቱ ስድስት ሰው አስከትለው መጡ። ከዚያ ወዲህማ ግድቡ ውሃ የሚቀዳበት መሆኑ ተረስቶ ወፍ የሚታይበት ሆነ፤ አሮጌው ፓምፕ ቤትም ቢሮ ተባለ። እንግዶች በመጽሐፍ የተጻፈውን ስም ይዘው ይመጣሉ፤ ሲሄዱ ግን «ነገረኛውን አየን፣ ያንን ሰው እንደሚጠብቅ ውሃ ዳር የሚቆመውን የቀጠሮ ሰውን አየን» እያሉ በአባባ ስም ነው የሚጠሯቸው።

አንዳንድ ቀን እንግዶች ይዤ ስሄድ የድሮው ሁሉ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። ጉጉት ሳላይ አልሄድም ብሎ ሦስት ቀን የከረመው ወፍራም የሒሳብ አስተማሪ ትዝ ይልሃል? ሦስት ቀን ጫካውን ስናካልለው ጉጉት የለ፣ የጉጉት ላባ የለ። ሻንጣውን መኪና ላይ ጭኖ፣ መነጽሩን በሳጥኑ ቆልፎ፣ «አንዴ ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ሲሄድ ጉጉቱ በጠራራ ፀሐይ የሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ተጎልቶ ቁልቁል ያየዋል። ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ወፉ እንዳይበረግግ በሹክሹክታ ሲጣራ፣ እኛ እባብ ነደፈው ብለን ዱላና ድንጋይ ይዘን ደረስን። አባባ ለስንት ዘመን «ጉጉት የፈለገ ሽንት ቤት ይሂድ» እያለ ተረተበት። ተኮራርፈው የመጡት ባልና ሚስትስ? ቀኑን ሙሉ አንዱ ቀኝ ሲያይ ሌላው ግራ ያያል። አባባ መነጽራቸውን ተቀብሎ የራሱን አንዱን ብቻ ሰጣቸውና «ተራ በተራ» አላቸው። መነጽር ሲቀባበሉ እጅ ለእጅ መነካካት አይቀርም፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው።

ከሁሉ ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የሽመላዎቹ ቀን ነው። ውሃው ጎድሎ ጭቃው በወጣበት ዓመት፣ በመንገድ ላይ ያሉ ሽመላዎች ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሊያርፉ ወረዱ። ሰማዩ ነጭ ሆኖ ቀስ እያለ መሬት ወረደ ነው የሚባለው። አንተ ትከሻህ ላይ አስቀምጠኸኝ ነበር፤ ጆሮህን እንደ ልጓም ይዤ እንደነበር አስታውሳለሁ። አንዱ እንግዳ ደብተር አውጥቶ ሊቆጥር ሲጀምር አባባ እጁን ያዘው። «እባክህ ዛሬን ዝም ብለህ እይ» አለው። ሰውየው ደብተሩን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

አባባ በቃል ጉዳይ ቀልድ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ፓምፕ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የዕይታ መዝገብ ማንም ሊጽፍበት ይችላል፤ ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ያላየኸውን አትጻፍ፣ የጠረጠርከውን ጠረጠርኩ በል። አንተ ገና ልጅ ሳለህ ንስር ዓሣ ሲነጥቅ አየሁ ብለህ የጻፍክ ዕለት አልተቆጣህም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠየቀህ። ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች? ወፉ የት አረፈ? ሌሎቹ ወፎች ምን አደረጉ? ሦስቱንም አላወቅክ። እስክሪብቶውን ሰጠህና ራስህ ሰረዝከው። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አይቻለሁ፤ ጆሮህ ቀልቶ ነበር።

በዓመቱ ደግሞ ድብቁን ከአባባ ጋር አየኸው። ልጆችህ ደብዳቤውን ሲሰሙ ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነ ሳይጠይቁህ አይቀሩም። ቡናማ፣ አንገቱ ረጅም፣ ሰው ሲያይ አፉን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሸምበቆ መስሎ የሚቆም፣ ድምፁ በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ እንደማለት ያለ። ሰው ድምፁን ይሰማል እንጂ እሱን አያየውም። አንተ ግን በአሥር እርምጃ ርቀት አየኸው፤ አባባም ሦስቱን ጥያቄ ጠየቀህ፤ ሦስቱንም መለስክ፤ በዚያ መዝገብ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍከው። አንተ የሄድክ ዓመት ግድቡን ሊያሰፉ ሸምበቆውን አጨዱት። ድብቁም የውሃ ሽታ ሆነ። አባባ ሁለቱን በአንድ ዓመት ነው ያጣው፤ በአፉ ባይናገረውም።

ወደ ዓይኑ ልምጣ። የዛሬ ሁለት ዓመት ተኩል ግድም ነው። ስድስት እንግዶች ይዘን ከመተላለፊያው ጫፍ ቆመን ሳለ፣ አባባ እጁን ዘርግቶ «ያ ከደረቀው ግንድ ላይ ያለው ነጭ ሳቢሳ ነው» አለ። ሁሉም መነጽራቸውን አነሱ። ነፋስ ሲነፍስ ሳቢሳው ተነፋና ጮኸ፤ ፌስታል ነበር። አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹ እግራቸውን ማየት ጀመሩ። አባባ «ፀሐይዋ ነች» ብሎ ወደፊት አለፈ። እኔ ግን ፀሐይዋ ከኋላችን እንደነበረች አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ልብ ስለው፣ ደረጃ ሲወርድ እግሩ መሬት ይፈልጋል፤ ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ስኒው ውስጥ ይከታል። የዓይን ሐኪሙ ነርቩ ተጎድቷል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቀዋለን አለ። አባባ እንደሚለው ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው፤ ቀዳዳዋም እየጠበበች ነው። «ለልጁ እንዳትነግሩት። ሩቅ ያለ ሰው እንቅልፍ ከማጣት በቀር ምን ያደርጋል?» ብሎ አማለን።

በየወሩ ይጽፍልህ የነበረውን አንድ ገጽ ያቆመው ያኔ ነው። አንተ ጻፍክ፤ ደገምክ፤ ሦስተኛው ላይ «አባባ ተቀይሞኝ ነው?» አልክ። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ እሱ እየነገረኝ እኔ እጽፋለሁ ብዬ መለስኩልህ። የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ ለምኜው ስለ ድሮው ነገር አጫውቶኝ ጻፍኩት። በሁለተኛው ወር ግን «የማየው የለኝ፤ ምን ብዬ ልጻፍ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ፓምፕ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁና፣ የዕለቱን የራሴን ዕይታ በእሱ አፍ ጻፍኩት። የጀልባው ገመድ ላይ ያረፈችው ሰማያዊ ዓሣ አጥማጅ ወፍ የኔ ዕይታ ነች። እሷ እውነት ናት። ከቀጠሮ ሰው ጎጆ የወደቀውን ጫጩት ጀልበኛው በባርኔጣው አንስቶ የመለሰውም እውነት ነው። ፓምፕ ቤቱ ጭስ ማውጫ ውስጥ ሦስት ልጅ ያሳደገችው ጉጉት ግን የለችም። ፓምፕ ቤቱ ጭስ ማውጫ እንደሌለው እንኳ ረስተኸዋል።

የባሰውን ልንገርህ፤ ደስ ይለኝ ነበር። ለቅርብ ልጅ ማንም ደብዳቤ አይጽፍለትም። አንተ በየወሩ ከአባባ አንድ ገጽ ሲመጣልህ፣ እኔ ከእሱ ጋር እየዋልኩ «መነጽሩን ጥረጊ፣ በሩን ዝጊ» ነው የምሰማው። በእሱ አፍ ስጽፍ አባባ የሚያጫውተኝ ይመስለኛል። «ልጄ» ብዬ ስጀምር እኔንም የጠራኝ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ደግሞ እንደ ወፍ ዘራሽ ነው፤ ማን እንደዘራው ሳይታወቅ አጥር ያክላል። ከዚያ በፊት በላክኸው ደብዳቤ ከሥራ ወጥተህ ስትገባ ልጆቹ እየተንጫጩም ቤቱ ዝም እንደሚልብህ ስትጽፍ አዘንኩልህ። ምን ብነግረው ደስ ይለዋል ብዬ አሰብኩና ድብቁን መለስኩልህ።

መልስህ የመጣ ቀን እኔ ከእንግዶች ጋር ወጥቼ ነበር። ፖስተኛው ለእማማ ሰጣት። እማማ ምስኪን፣ መነጽሯን አድርጋ፣ የስፌት መኪናውን አቁማ፣ ከአባባ ጎን ተቀምጣ አነበበችለት። ስገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ደብዳቤህን በእጁ ይዞ አገኘሁት፤ ዘቅዝቆ ነበር የያዘው። «ድብቁን አይቻለሁ አሉ» አለኝ። «ፀሐይዋ በየት በኩል ነበረች?» አለኝ። «የት አረፈ? ሌሎቹ ወፎች ምን አደረጉ?» እንባዬ መጣ። አልጮኸም። «ዓይኔን በሽታ ወሰደው፤ እሺ፣ በሽታ ነው። ቃሌን ግን አንቺ ለምን ትወስጂብኛለሽ?» አለኝና ደብዳቤህን ጉልበቱ ላይ አጠፈው።

ዘጠኝ ቀን አላነጋገረኝም። ምግብ ሳቀርብለት «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል፤ እንደ እንግዳ ሰው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በእማማ በኩል ልታረቅ ብሞክር፣ እማማ ክሩን ከጥርሷ ሳታወጣ፣ «አባትሽ አርባ ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንድ ቀን እንኳ ‹ይህ ቀሚስ ያምርብሻል› ብሎ አልዋሸኝም። ያናደድሽው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ ታገሺ» አለችኝ። ታገስኩ። ባለቤቴም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለ ሊያስቀኝ ሞከረ፤ አልሳቅኩም።

በአሥረኛው ቀን ወፍ ሲንጫጫ ስነሳ አባባ ቦት ጫማውን አጥልቆ፣ ያንን ኪሰ ብዙ ሰደርያውን ለብሶ በረንዳው ላይ ቆሟል። ካወለቀው ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ሁለት ቁልፍ አሳስቶ ቆልፎታል። «ዛሬ እንግዳ አለሽ?» አለኝ። አራት ጡረተኞች እንዳሉኝ ነገርኩት። «አምስት አድርጊያቸው» አለኝ። ወንድም ጋሼ፣ ቁልፉን ላስተካክልለት እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ፈራሁና ተውኩት።

እንግዶቹ ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ሲሰበሰቡ አባባ ከፊታቸው ቆመ። እኔ ሁሌም እንደማደርገው ልሸፍንለት አፌን ስከፍት በእጁ ዝም አሰኘኝ። «ሠላሳ ዓመት በዚህ መንገድ ሰው መርቻለሁ። አሁን ዓይኔ አያይም ማለት ይቻላል። ፌስታል ሳቢሳ ነው ብዬ የሰው ዓይን አድክሜአለሁ። ዛሬ የምሄደው እንደ እናንተው እንግዳ ሆኜ ነው፤ ብትገፉኝ አልቀየምም» አላቸው። እኔ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ብዬ ስመኝ፣ ከእንግዶቹ አንዷ ነጭ ባርኔጣ ያደረጉ ጡረታ የወጡ ነርስ ጠጋ አሉና፣ ሳይጠይቁ፣ ክንዳቸውን ከክንዱ ጋር አቆላለፉ። «እኔም ዓይኔ ያያል እንጂ የማየውን አላውቀውም፤ ተባብረን እንሂድ» አሉት። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔና አባባ እንደ ምሥጢር ተሸክመነው የኖርነው ነገር ይኸው ነበር፤ አንድ አረፍተ ነገር።

ከዚያ የሆነውን ብታይ። የመጀመሪያው ወፍ ከመተላለፊያው አጠገብ ሲነሣ ነርሷ «ቡናማ ወፍ» አሉ። አባባ «ቡናማማ ሁሉም ቡናማ ነው። ክንፉ ላይ ነጭ አለው?» አለ። አለው አሉት። «ትከሻው ላይ ነው ወይስ ጫፉ ላይ?» አላወቁም። «ይመለሳል፤ ያን ጊዜ እዩት» አላቸው። ተመለሰ፤ አራቱም አፋቸውን ከፍተው የወፍ ትከሻ ፍለጋ ገቡ። «ጫፉ ላይ» አሉ በአንድ ድምፅ። ስሙን ነገራቸው። ሁለተኛው ላይ እሱ ሳይጠይቅ ጭራውን፣ አበራረሩን፣ ምን እንደሚበላ እነሱ ይነግሩት ጀመር። አንዱ «ሲሄድ ጭራውን ይነቀንቃል» ሲል ሌላው «አይ፣ ሲቆም ነው የሚነቀንቀው» ብሎ ተጨቃጨቁ፤ አባባ እንደ ዳኛ መሃላቸው ቆሞ ፈረደ። እኔ ሠላሳ ወፍ ባሳየኋቸው ኖሮ ሠላሳ ስም ይዘው ይሄዱ ነበር። ያን ቀን ያዩት አሥራ ሁለት ብቻ ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ የቀድሞ የባቡር ሹፌር፣ «ሃያ ዓመት መነጽር ተሸክሜ ዞሬአለሁ፤ ወፍ ያየሁት ግን ዛሬ ነው» አለ። አባባ ፊቱ በራ። ያንን ፊቱን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው።

በመጨረሻ ወደ ሸምበቆው ዳር እንድወስደው ጠየቀኝ። ያንተና የእሱ አግዳሚ ወንበር አሁንም አለ፤ አንድ እግሩ ተቀይሯል እንጂ። ሸምበቆውን ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ መልሰው ተክለውታል። አባባ ገብቶ በእጁ ዳሰሰው፤ ደረቱ ድረስ ደርሷል። ከዚያ ተቀመጠና ለእንግዶቹ ስለ ድብቁ ነገራቸው፤ ስለ አንተም ነገራቸው። ድምፅ ሳያሰሙ እንዲያዳምጡም ለመናቸው። ግማሽ ሰዓት ስድስት ሰው ትንፋሹን ውጦ ተቀመጠ። እንቁራሪት ጮኸች። ነፋስ ሸምበቆውን አንሾካሾከው። እባክህ አንዴ ብቻ፣ ለሱ ብለህ አንዴ ብቻ ጩኽ እያልኩ ድብቁን እለምናለሁ። ምንም የለም። አባባ በመጨረሻ እጁን ጉልበቱ ላይ መታ አደረገና «ወፍ የለም» አለ። ነርሷ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያ የባቡር ሹፌሩ ሳቀ፤ ከዚያ አባባ ራሱ ምን እንዳለ ገባውና ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። እኔ እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ስንመለስ መዝገቡን እንድከፍት አዘዘኝ። «ድብቁ አልተሰማም፤ ሸምበቆው ግን ደረት ደርሷል ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ። «አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። «እንግዲህ ለወንድምሽም እንዲህ ነው የሚጻፈው» አለኝ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ያነጋገረኝ የመጀመሪያው የአባትና የልጅ ንግግር ይህ ነው። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አነሣኝና «ቁልፌን አስተካክይልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ሰው እንዲህ ሆኜ ሲያየኝ ዋለ» አለኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ትናንት ማታ አባባ እየነገረኝ ነው የጻፍኩት። አንድ ቃል አልጨመርኩም። እምነት ስለጎደለም፣ እማማ መነጽሯን አድርጋ ከጎኔ ተቀምጣ እያንዳንዱን መስመር ስታነብለት ነበር።

«ልጄ፤ እንደምን አለህልኝ። ዓይኔ ከድቶኛል። እንዳልነግርህ ያደረገኝ ኩራት ነው እንጂ ላንተ ማሰብ አይደለም፤ ላንተ ማሰብ ነው ብዬ ራሴን ስደልል ቆየሁ። ከእንግዶቹ ጋር በወጣሁ ጠዋት በዓይኔ ያየሁት ሁለት ነገር ነው፤ ውሃው ላይ ያለውን ብርሃንና የአንዲት ሴት ነጭ ባርኔጣ። ወፍ አላየሁም። በጆሮዬ የሰማሁት ግን ዘጠኝ ዓይነት ነው፤ ከዘጠኙ አንዱን እጠረጥራለሁ። ድብቁ የለም። ለድብቁ ብለህ ከሆነ የምትመጣው፣ ይቅርብህ፤ ለኔ ብለህ ከሆነ ቶሎ ና፤ ፊትህን በዳር በኩልም ቢሆን ላየው እፈልጋለሁና። እህትህን አትቆጣት። እኔ ተቆጥቻታለሁ፤ ለሁለታችንም ይበቃል።»

ይኸው ነው ወንድም ጋሼ። የደበቅኩህ ሌላ ነገር የለም። ብትቀየመኝ እውነትህን ነው፤ ብቻ ቂምህን ይዘህ ና፤ እዚሁ እንጨርሰዋለን። የድሮ ደብዳቤዎቼን አትቅደዳቸው፤ ስትመጣ እውነቱን ከውሸቱ እለይልሃለሁ።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ እማማ የልብሷን ልክ ትላክልኝ ብላለች፤ ባለፈው የላከችላት ቀሚስ ጠቧት ከሆነም ሳትሸፍን ትንገረኝ፣ በዚህ ቤት ከእንግዲህ መሸፋፈን ቀርቷል ብላለች። ለትልቁ፣ አክስቱ ጥርሱ ተስተካክሎ ሲስቅ ልታየው እንደምትጠብቅ ንገረው። የትንሿን ግንባር ሳምልኝ። ባለቤቴ በታመመ ጣቱ ሰላምታውን ያቀርባል፤ ለልጆችህ ከወዲሁ የመተላለፊያውን መደገፊያ ዝቅ አድርጎ እየሠራላቸው ነው። ጀልበኛው፣ «ያ ጆሮው ቀይ ልጅ» እንዴት ነው ይልሃል። አባባ ዛሬም እንግዶችን ይዞ ወጥቷል፤ ነርሷ ጓደኞቻቸውን ልከውለት ሰባት ሰው መሃል ነው ያለው። ከመስኮቱ ድምፁ ይሰማኛል፤ «ጫፉ ላይ ነው ወይስ ትከሻው ላይ?» እያለ ያስጨንቃቸዋል። ስትመጣ አንተንም የሚጠይቅህ ብዙ ነው፤ ዓይንህን አሳርፈህ ና።

አክባሪህ ታናሽ እህትህ

ከግድቡ ዳር፣ ከፓምፕ ቤቱ
መስከረም ፲፬ ቀን፣ ከረፋዱ